ልጄ፣ ምቱን አድምጪ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባሕር ዳር ዝናቡ ገብቷል፤ ጣናም እየሞላ ነው። በስልክ «ቅኝቶቹን ይዣቸዋለሁ፣ ኪቦርድ ላይ ስቀመጥ ግን ሁሉም ዘፈን አንድ ይሆንብኛል» ያልሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። እስቲ ምቱን እያዳመጥሽ አንድ አልበም ስሚልኝ።

ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ያስቀረጹት «አፍሮ ላቲን ሶል» ነው። ያኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ባንዱ «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» (ኩዊንቴት የአምስት ሰው ባንድ ማለት ነው) ቢባልም፣ አብረዋቸው የተጫወቱት አብዛኞቹ የፖርቶ ሪኮ ልጆች ናቸው።

እኔ የባንዱን ማነስ እወደዋለሁ። ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ምት ይደበቃል። እዚህ ግን በእጅ የሚመታው የላቲኖቹ ከበሮ ኮንጋው፣ ቤዙ፣ ፒያኖው ለየብቻ ይሰማሻል። የላቲኖቹ የጭፈራ ምቶች አሉበት፤ አንዱ ዘፈን ማምቦ ነው፤ ሌላው ቻ ቻ፤ ቀስ ያለም አለ። «አይፈራም ጋሜ አይፈራም» ደግሞ በስፓኒሽ ይዘፈናል! እሱን ስሰማ ቁጭ ማለት አልችልም።

ጋሽ ሙላቱ በዘንግ እየመቱ የሚጫወቱትን የብረት መሣሪያ፣ ቫይብራፎኑን፣ በደንብ ተከታተይው። ብረቶቹ ሥር ቱቦዎች አሉ፤ አፋቸው ላይ በሞተር የሚዞሩ ክዳኖች ድምፁን ያርገበግቡታል። ፔዳሉ ሲረገጥ ድምፁ ይቆያል፣ ሲለቀቅ ይቆረጣል። ስለዚህ ኖታ መደራረብ አያስፈልግም። ጋሽ ሙላቱ መትተው ይጠብቃሉ። በዚያ መሃል ከበሮው ያወራል። አንቺ ግን ክፍተት ካገኘሽ ቶሎ ትሞይዋለሽ። የላክሽልኝን ቅጂ ስሰማ ይህ ነው የታየኝ።

ምት ለአንቺ አዲስ አይደለም። ጊዮርጊስ ለንግሥ ስንሄድ ታስታውሺያለሽ አይደል? ሊቃውንቱ መረግድ ከሚባለው የዝማሬ ስልት ጽፋት ወደሚባለው ሲሻገሩ ከበሮው ይፈጥናል፣ ሕዝቡም በጭብጨባ ይገባል። ዜማው ያው ነው፤ ምቱ ሲለወጥ ግን ቆሞ የነበረው ሰው ሁሉ ይነቃነቃል። የላቲኖቹን ከበሮ ስሰማ ያ ነው ትዝ የሚለኝ።

እንግዲህ ከቅኝቶቹ አምባሰልን ያዢ። አንዴ በእኛው ምት በችክችካ፣ አንዴ በቻ ቻ ተጫወቺው። መጀመሪያ በቀኝ እጅሽ ብቻ፤ እግርሽ ወለሉን ይምታ። እግርሽ ሳይስት ግራ እጅሽን አታስገቢ። ስትጨርሺ ቀርጸሽ ላኪልኝ፤ ሁለቱንም እፈልጋለሁ። እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታለች፣ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ።

አባትሽ