ይድረስ ለአባዬ፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። ሚሚ ሁለተኛ ክፍል ገባች፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው «ሰ» ማለት አቅቷታል። ትንሹም ቀይ መኪና ባየ ቁጥር «የአባባ ነው» ይላል። ስለ እነሱ ገጽ ሙሉ መጻፍ እችል ነበር። ግን ወንድሜ እሁድ ደውሎ የፊያት ስፓይደር መኪናህን ሸራ ገልጠህ የሞተሩን ብሎኖች መፍታት እንደጀመርክ ነገረኝ። ከሐኪም ቤት በወጣህ በሦስተኛ ሳምንትህ። ይህን ከራስህ አፍ መስማት ነበረብኝ።

አትሥራ ልልህ አይደለም። የድሮው ሞተር እንዳበቃለት እኔም አውቃለሁ፤ ሲሊንደሩ ሁለቴ ሰፍቷል፣ ለሦስተኛ የሚበቃ ሥጋ አልተረፈውም። ለቆራሌው ግን እንዳትሰጠው። ጣሊያናዊው መሐንዲስ ላምፕሬዲ የነደፈው ባለ ሁለት ካምሻፍት 1438 ሲሲ ነው፣ እማዬም የምታውቀው ድምፁን ነው። ዘይት ቀባው፣ የካንዴላ ቀዳዳዎቹን ድፈን፣ በጆንያ ጠቅልለህ መጋዘን ውስጥ አስቀምጠው።

ወንድሜ ባለ ሁለት ሊትር ተኩል ይግባበት ማለቱን ሰምቻለሁ። አትስማው። መኪናው አንድ ሺህ ኪሎ አይሞላም፤ ፍሬኑና ዲፈረንሻሉ የተሠሩት ለ90 የፈረስ ጉልበት ነው። የሚስማማው የመጀመሪያው የቶዮታ አቫንዛ ባለ 1.5 ሊትሩ፣ 3ኤስዜድ-ቪኢ የሚባለው ሞተር ነው። ጉልበቱ ከመቶ ትንሽ ያልፋል፣ በቁመት ይቀመጣል፣ የኋላ ጎማ ይነዳል፤ ስለዚህ ከነካምቢዮው ይገባል። የቪትዝ ሞተር በአግድም ስለሚቀመጥ ካምቢዮው አይሆንህም። ሁለተኛው ትውልድ ቴሪዮስ ባለ 1.5 ሊትሩም ይኸው ሞተር አለው፤ ባለ አራት ጎማው ካምቢዮ ግን ወደ ፊት ጎማ ኃይል የሚያወጣው ክፍል ስላለበት ቦታ ያጣብብሃል።

ሶማሌ ተራ ስትገዛ ሞተሩን ብቻ አትውሰድ። ካምቢዮው፣ ኮምፒውተሩ፣ ሶኬቱ ያልተቆረጠ ሙሉ የሽቦ ኢንስታሌሽን፣ የቤንዚን መስጫው ፔዳልና ቁልፉ ከአንድ መኪና ይውጡ። ኮምፒውተሩ ቁልፉን የሚለይ ዓይነት ከሆነ፣ ቁልፉን የሚያነበው ቀለበት ከቀረ ሞተሩ ሊነሳ አይችልም፣ ከዚያ በኋላ ጥፋቱን የምትፈልገው በባዶ ሜዳ ነው። ኮምፕሬሽን አስለካ። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ሁሉም ዝቅ ብሎ ይነበባል። ስለዚህ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አነጻጽር፤ አንዱ ከሌሎቹ ከአንድ ባር በላይ ካነሰ ተወው። የሞተሩን ቁጥር መሬት ላይ እያለ አጽድተህ ፎቶ አንሳው፣ ደረሰኙንም ያዝ። ሊብሬው ላይ መቀየሩ አይቀርም፣ ያለዚያ ለቦሎ ስትሄድ ቁጥሩ አይገጥምም።

አባዬ፣ አንድ ነገር ልበልህና ልለፍ። ያኔ መብራት እንኳ እንድይዝልህ አልፈቀድክልኝም። «እጅሽ ይቆሽሻል፣ ግቢ» ነበር መልስህ፤ 13 ቁልፍ ከ14 የማይለየው ወንድሜ ግን ከጎንህ ይቆም ነበር። ዛሬ የሰው ሞተር የማወርደውና የምሰቅለው እኔ ነኝ፣ አንተ ደግሞ ምክር የጠየቅከው ባሕር ማዶ ያለውን ነው። አልተቀየምኩም ብል እዋሻለሁ።

ቤንዚኑን እንዳትንቀው። የድሮው ፓምፕ ለካርቡራተሩ ከሩብ ባር ብዙም የማይበልጥ ግፊት ይሰጥ ነበር፤ አዲሱ ሞተር ከሦስት ባር በላይ ይፈልጋል። ያረጀው የጎማ ቱቦ በዚህ ግፊት ይፈነዳል፣ የሚፈነዳውም ትኩስ የጭስ ማውጫ ማርሚታ አጠገብ ነው። ከቤንዚን ታንከሩ፣ ከሳልባትዮው እስከ ሞተሩ ድረስ ለኢንጄክሽን የተሠራ ቱቦና የቱቦ ማጥበቂያ ፋሸታ ብቻ ይግባ። አቫንዛው ግፊቱን የሚቆጣጠረው ታንከሩ ውስጥ ባለው ፓምፕ ላይ ነው፤ ያንተ ሳልባትዮ ላይ ግን የግፊት መቆጣጠሪያና የመልስ ቱቦ ለብቻ መሥራት አለብን። ዝገቱም መጀመሪያ ይታጠብ፤ ኢንጄክተር የሚዘጋው በሱ ነው።

የራዲያተር ክዳኑንም አዲስ እገዛለሁ። እኛ ከተማ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሰልፍ ስትወጣ ልዩነቱን ታየዋለህ።

ሞተሩ ሲቀመጥ የሞተር ጎሚኒውን መያዣ ወዲያው ሙሉ ብየዳ አታስበይደው፤ ለጊዜው የሚይዝ የነጥብ ብየዳ፣ ፑንታ ብቻ ይመታ። የሚበየደውም ኮምፒውተሩ ከመኪናው ወጥቶ፣ ባትሪውም ተነቅሎ ነው። ከዚያ የዘይት ኮፓው ከመስቀለኛው ብረት፣ የመሪው ዘንግ ከማርሚታው መራቁን እናያለን፣ የካምቢዮው እጀታም በቀዳዳው መውጣቱን። ኮፈኑን ለመለካት የስንዴ ሊጥ በፌስታል ጠቅልለህ ሞተሩ አናት ላይ ታስቀምጥና ቀስ ብለህ ትዘጋለህ፤ ስትከፍተው የቀረው ውፍረት ከሁለት ሴንቲ ካነሰ ሞተሩ ይውረድ፣ ቤንዚን ሲሰጠው በጎሚኒው ላይ ይወዛወዛልና። ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ፣ የትራንስሚሲዮኑ ነገር ከሁሉ ይብሳል። የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ትይዩ ካልሆኑ ወይም የዘንጉ መጋጠሚያ የክሮቼራው ማዕዘን ከሦስት ዲግሪ ካለፈ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወንበሩ ድረስ ይንቀጠቀጣል። ዘንጉ ሲቆረጥም ወደ ውስጥ የሚንሸራተትበት ሁለት ሴንቲ ተኩል ይተውለት። ስህተቱ የሚታወቀው ሁሉም ነገር ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው፤ ለዚህ ነው የማጨቀጭቅህ።

አሁን ይህቺን ቀስ ብለህ አንብባት። ሞተሩ ከነካምቢዮው ከመቶ ኪሎ በላይ ነው። ግቢው ወደ በሩ ያዘነብላል። ከማዕድ ቤቱ ወራጅ ላይ እንዳታንጠለጥለው፤ የወንድሜን ጣት አንተም እኔም አልረሳንም። ሐኪሙ ከአምስት ኪሎ በላይ አታንሳ ሲልህ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አንተ «እሺ ዶክተር» አልክ፣ ዓይኔን ግን አላየኸኝም። ለፋሲካ መድረስ አለበት ያልከውም ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ስለሱ በደብዳቤ ማውራት አልችልም።

ሞተር የሚያነሳ ፓራንኮና መኪናውን የሚደግፍ ካቫሌቶ ከአዳማ ይዤ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። እስከዚያ ተቀምጠህ የምትሠራውን ሥራ፤ የተፈታውን ብሎን በየቆርቆሮው ለይ፣ ስሙን ጻፍበት፣ የድሮውን ሽቦ ሳትነቅል ፎቶ አንሳ። ለአራቱም ጎማ ከጥድ እንጨት ታኮ አስቆርጥ። ከመኪናው ሥር የምገባው እኔ ነኝ፤ መብራቱን አንተ ትይዝልኛለህ። የእጅ ባትሪው ድንጋይ አልቆ እንደሆነም ከሱቅ አስገዛ።

ልጅህ