የምጣድ ሽቦ ከመቆረጡ በፊት ቮልቴጁ ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አካባቢ፣ እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል የኤሌክትሪክ ምጣዱን ከፍቶ የማሞቂያ ሽቦውን ቆርጦ ማሳጠር እንደ ጥገና ሲቆጠር አያለሁ። ምጣዱ በዕለቱ ስለሚግል ባለቤቲቱም ጠጋኙም ችግሩ የተፈታ ይመስላቸዋል። ይህ አሠራር ለቤተሰብ አደገኛ መሆኑን ማንም ሊያሰላው በሚችል ሒሳብ ለማሳየት እወዳለሁ።

በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚስብ ምጣድ እንውሰድ። 220 ለ16 ሲካፈል ሬዚስታንሱ (ሽቦው ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ) 13.75 ኦም፣ ሁለቱ ሲባዙ ደግሞ ኃይሉ 3,520 ዋት ይሆናል። ሰፈሩ ሁሉ በሚጋግርበት ሰዓት፣ በተለይ ከትራንስፎርመሩ በራቀ ቤት፣ ቮልቴጁ ወደ 170 ቢወርድ ሬዚስታንሱ ያው ስለሆነ ከረንቱ (የኤሌክትሪኩ ፍሰት) ወደ 12.4 አምፔር፣ ኃይሉም ወደ 2,100 ዋት ይወርዳል። ቮልቴጁ የቀነሰው በ23 በመቶ ሆኖ ሳለ ሙቀቱ 40 በመቶ የሚጎድለው ከቮልቴጁ ጋር ከረንቱም አብሮ ስለሚቀንስ ነው። እንግዲህ ምጣዱ ምንም አልተበላሸም፤ የጎደለው ከመስመሩ ነው።

ጠጋኙ በ170 ቮልት የቀድሞውን ሙቀት ለማግኘት ሽቦውን ሲያሳጥር ሬዚስታንሱን ወደ 8.2 ኦም ያወርደዋል። ሌሊት ወይም በማግስቱ ቮልቴጁ ወደ 220 ሲመለስ ያው ምጣድ ወደ 27 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ኃይሉም ከ5,800 ዋት ያልፋል። ለ16 አምፔር የተሠራ ሶኬትና ስፒና ይህን ሊሸከም አይችልም። በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ የሚፈጥረው ሙቀት የከረንቱን ስኩዌር (ከረንቱ በራሱ ሲባዛ የሚገኘውን) ስለሚከተል በ16 አምፔር ከነበረው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የሚሆነው ነው፤ ከረንት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጠው ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ «ደክሟል» ተብሎ በ32 አምፔር ይቀየራል፣ ከዚያ በኋላ ሽቦው ቢግልም መስመሩን የሚያቋርጥ ነገር አይኖርም።

መፍትሔው ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዞ ምጣዱ እየሠራ ሳለ ቮልቴጁን በሁለት ቦታ፣ በቆጣሪው ዘንድና በምጣዱ ሶኬት ላይ፣ መለካት ነው። በቆጣሪው 210፣ በሶኬቱ 185 ከተገኘ 25 ቮልት የጠፋው በቤቱ ሽቦና በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነው፤ ምጣዱ በ185 ቮልት በሚስበው 13.5 አምፔር ይህ ወደ 340 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ሲሆን ክፍያውም የሚጠየቀው ከባለቤቱ ነው። በዚህ ጊዜ የሚቀየረው ቀጭኑ ሽቦ ወይም የላላው መጋጠሚያ ነው። በቆጣሪው ላይም ዝቅተኛ ከሆነ ጉዳዩ የመስመሩ ስለሆነ ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት እንጂ ምጣዱን መንካት አያስፈልግም።

የምጣድ ሽቦ ሬዚስታንስ ሲግልም ብዙ ስለማይለወጥ ከመስመር ነቅሎ በኦም መለኪያ መፈተሽ ይቻላል። ለድሮው አምፖል ግን ይህ አይሠራም፤ የአምፖል ክር ሲበራ ሬዚስታንሱ ከቀዝቃዛው አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናልና።

ስለዚህ ምጣድ የምትሠሩና የምትጠግኑ ባለሙያዎች የእያንዳንዱን ምጣድ ቮልት፣ አምፔርና ኦም በማይለቅ ቀለም በጎኑ ላይ እንድትጽፉ፣ ጋዜጣውም ይህን ስሌት ለአንባቢዎቹ እንዲያደርስ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የኤሌክትሪክ ሙያ አሠልጣኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ