ያች ሰማያዊ ጠርዝ ያላት ድስት

ደሴ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣ ጅዳ

ድሮ ስንጻጻፍ «ሰላምታዬ ከጦሳ ተራራ ይበልጣል» ብለን ነበር የምንጀምረው። ዛሬም ይበልጣል። ግን የአራት ዓመት ዕዳ አለብኝና እሱን ላስቀድም።

የ2013ቱ አረፋ፣ ሐምሌ 13 ቀን፣ ሐይቅ እናንተ ቤት ሄጄ ያደረግሁትን ከእናትሽ ከእማ ሰምተሻል። ከእኔ አልሰማሽም። እማ እንደ ልማዷ በጠዋት ክርስቲያኑን ጎረቤት ጠርታ ለእኔ ብቻ ዶሮ አሳርዳለች። ያችን ሰማያዊ ጠርዝ ያላትን ድስት፣ ከልጅነታችን ጀምሮ «የእሷ ድስት» እየተባለች ከሌሎቹ ተለይታ የምትቀመጠውን፣ አውርዳ ሠርታልኛለች። ቀርቦልኝ «አሞኛል» አልኩ። አላመመኝም ነበር። እሷም ታውቃለች። እጇን ታጥባ ከፊቴ እንደተቀመጠች መሶቡን መልሳ ከደነችው፤ ያ የክዳን ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ማታውን ደወልሽ፤ አላነሳሁም። እማ «ልጅቱ ከበደችብን፣ የእስላም ቤት እህል ተጸየፈች» ብላሻለች አሉ። ይህን ስሰማ ሮጬ ሄጄ እግሯ ላይ መውደቅ ሲገባኝ አፈርኩ፤ ዛሬ ነገ ስል ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴ ገባ፤ ስልኩም መንገዱም ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ የጦርነቱ አይደለም፣ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። የዚያን ዓመት ሁዳዴ፣ መጋቢት ላይ፣ አክስቴን ልጠይቅ ኩታበር ሄድኩ። አንዲት ላም አላቸው፤ ጥጃዋ በሳምንቱ ሞቶባታል። ላም ጥጃዋ አጠገቧ ከሌለ አልታለብ ትላለች። ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ፤ ልጆች ሆነን አይተነዋል። የጥጃውን ቆዳ ገፈው፣ ጭድ ሞልተው ሰፉና ጨው ነስንሰው ከፊቷ አቆሙላት። ላሟ ታሸተዋለች፣ ትልሰዋለች፣ ዝግ ባለ ድምፅ ትጠራዋለች። አክስቴ ከኋላ ሆና ታልባለች። ልጅ ሆኜ ሳየው ብልሃቱ ነበር የሚገርመኝ። ያን ቀን ግን ልጄን ጡት ካስጣልኩት ገና ስድስት ወሬ ነበር፤ ጡቴ ሲያግት እንዴት እንደሚያም ሰውነቴ አልረሳውም። ቆሜ ማየት አቃተኝ። አክስቴን አልኮነንኳትም። ልጆቿን ያስተማረችው በዚያች ላም ወተት ነው። እኔ ግን ያን ወተት ዳግመኛ መጠጣት እንደማልችል እዚያው አውቄዋለሁ።

ሚያዝያ 24 ቀን ፋሲካ ሆነ። ሌሊቱን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ገበታው ሲቀርብ እንቁላሉን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። «ነገ እፈስካለሁ» አልኩ። ዳግማይ ትንሣኤ መጣ፣ አልፈሰክሁም። ሃምሳው ቀን አለቀ፤ የሐዋርያት ጾም ገባና ሰው ሁሉ ተመልሶ ወደ እኔ ገበታ መጣ። እናንተ ቤት የመጣሁት ከዚያ በሁዋላ ነው። ለራሴ እንኳ ስሙን ያላወቅሁትን ነገር ለእማ እንዴት ብዬ ላስረዳት? ጾም ነው እንዳልል የጾም ወራት አይደለም።

ስሙን ቆይቼ ነው ያገኘሁት፤ «ቪጋን» ይሉታል። ዶናልድ ዋትሰን የሚባል እንግሊዛዊ ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር በ1944 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቃል ነው። ሥጋ ትተው ወተትና እንቁላል ከሚበሉት ለመለየት ነበር። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ማርም ጭምር መተው ነው፤ ቆዳና ሱፍም አለበት። ግን «በተቻለ መጠን» የሚል ቃል አብሮት አለ፤ እሱ ነው ያቆየኝ። የነበረኝን የቆዳ ጫማ አልጣልኩትም፤ እስኪያልቅ ተጫምቼው ሁለተኛ አልገዛሁም። ከሁሉ ያስቸገረኝ ማሩ ነው። የላስታ ማር ከሚያመጣ ዘመድ እጅ ላይ «አይ፣ ይቅርብኝ» ማለት ከሥጋው ይከብዳል።

«ታዲያ ምን በልታ ትኖራለች?» ብለሽ እማን ጠየቅሻት አሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከመቀየም ይልቅ መጠየቅ ያንቺ ነገር ነው።

ሽሮ እበላለሁ፣ ምስር እበላለሁ፣ ያንቺን የቃሉ ማሾ እበላለሁ። ጠዋት ቅንጬ በተልባ፣ ወይም የገብስ ገንፎ በኑግ። ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ አዚፋ፣ ጎመን። ቅቤው የሚናፈቀኝ በጣዕሙ ሳይሆን በሽታው ነበር፤ ለካ ሽታው የቅቤው ብቻ አይደለም፣ የኮሰረቱና የኮረሪማው ነው። አሁን ዘይቱን በኮሰረት፣ በኮረሪማ፣ በአብሽና በበሶብላ በዝግታ አሙቄ አጣራዋለሁ። ቁሌቱን ሳልቸኩል አበስላለሁ፤ ሽንኩርቱ ቀልጦ እስኪጠፋ። ባለቤቴ ሽሮዬን ቀምሶ «ቅቤ አስገባሽበት?» ብሎ ጠይቆኛል።

ግን የጾም ምግብ ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃ በሰውነቴ ተምሬዋለሁ። እኛ ክርስቲያኖች የጾም ቀኖቻችን ሲቆጠሩ ለምእመኑ በዓመት ወደ 180፣ ለካህናትና ለመነኮሳት እስከ 250 ይደርሳሉ። ስለዚህ «ይህማ የለመድነው ነው» ብዬ ነበር የተዝናናሁት። ጾም መፍቻ አለው፤ የእኔ መፍቻ የለውም። ሦስተኛው ዓመት ላይ የእግሬ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ፤ ቀጥሎ የእጄ። ምላሴ ቆሰለ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። መጀመሪያ የሄድኩበት ጤና ጣቢያ «ጭንቀት ነው፣ የጦርነቱ ነው» ብለው መለሱኝ። ሁለተኛዋ ሐኪም ግን ስለምበላው ጠየቀችኝ። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ነው አለች። ቢ 12ን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እህልም አትክልትም ውስጥ የለም፤ ሰው የሚያገኘው ከእንስሳት ከሚገኝ ምግብ፣ ቢ 12 ከተጨመረበት ምግብ ወይም ከመድኃኒት ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ስለሚይዝ ጎተራው ባዶ እስኪሆን አይታወቅም። ምስርና ሽምብራው ደግሞ ፎሌት የሚባል ሌላ ቫይታሚን ስለሚበዛበት የደም ማነሱን ሸፍኖ ነርቭ በዝምታ ሊጎዳ ይችላል። መርፌ ወጋችኝ፤ ድንዛዜው ለመልቀቅ ወራት ፈጀ። አሁን በየሳምንቱ 2000 ማይክሮግራም እንክብል እወስዳለሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እንዳልረሳው። ሰውነት በቀን የሚፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ግን ያች ኢምንት ካልገባች ሰው ይሰበራል። ይህን ሕይወት ለመያዝ የሚያስብ ሰው ካጋጠመሽ አስቀድመሽ ይህን ንገሪልኝ።

ሌላም አለ። ሽሮ የዕለት ምግብ ሲሆን ጓያ እንዳይገባበት መጠንቀቅ የግድ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደላንታና ዳውንት ላይ እህል ሲጠፋ ሰው ጓያ ብቻ እየበላ ስንቱ እግሩ ሽባ ሆኖ እንደቀረ ታስታውሻለሽ፤ ምርኩዝ ይዘው ደሴ የመጡትን ጎልማሶች ልጅ ሆነን አይተናል። እኔ የተፈጨ ሽሮ አልገዛም። አተሩን፣ ሽምብራውን፣ ባቄላውን ለየብቻ ሸምቼ፣ በእጄ ለቅሜ፣ ቆልቼ አስፈጫለሁ። ጨው አዮዲን ያለውን ነው። ምስር ላይ ሎሚ እጨምቃለሁ፣ ብረቱ እንዲዋሐደኝ። ቡና ደግሞ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረቱን ስለሚይዝ አንድ ሰዓት አቆየዋለሁ። በወሎ ቤት እህሉ ሳይነሣ አቦሉ ሲቀርብ «ቆይ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ከሰው ጋር ያለውን ባጭሩ ልለፈው። አማቴ የመጀመሪያውን ፋሲካ አላናገሩኝም፤ ዶሮ የማይሠራ እጅ የሴት እጅ አይመስላቸውም ነበር። አሁን ዶሮውን እሳቸው ይሠራሉ፣ እኔ እንጀራውንና ድፎውን። የሰፈሩ ቅርጫ ላይ ባለቤቴ መደቡን ይወስዳል፤ እሱንና ልጄን አላስገደድኩም። «ዓሣስ?» የሚለኝ ሰው ግን እስካሁን አልጠፋም። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ቆሮሶ አይበላም ሲባል ማን ያምናል!

እማ ዘንድ የሄድኩት ባለፈው አረፋ ነው፣ ግንቦት 29። አራት ዓመት ሙሉ ያልደፈርኩትን በር አንኳኳሁ። «ማነው?» አለች፤ ስሜን ስነግራት ዝም አለች፤ ከዚያ «ግቢ፣ በሩ መች ተዘጋብሽ» አለችኝ። እግሯ ላይ ወደቅሁ። አነሣችኝና «አሁን ንገሪኝ፣ ስለት ነው? ነዝር ገብተሽ ነው?» አለች።

«አይ እማ፣ ስለት አይደለም።»

«ታዲያ ማን አዘዘሽ?»

የኩታበሯን ላም ነገርኳት። ሳልቆራርጥ፣ ጨውና ጭዱ ሳይቀር። እማ መቁጠሪያዋን ይዛ ብዙ ዝም አለች። «እኔም አድርጌዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «አባታችሁ በሕይወት እያለ ነው። ዓይኑ የነበረበትን ቦታ መርጣ ስትልስ አይቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው ያለብኩት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።» ከዚያ ተቆጣችኝ፣ የእናት ቁጣ። «ይህን ብትነግሪኝ ያችን ዶሮ ለምን አሳርድ ነበር? ለምንስ አራት ዓመት ልቤን ታቃጥዪዋለሽ?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ከዚያ ወዲህ በወር አንዴ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልኩ። እኛ ወሎዎች ለቅሶውን አብረን፣ ዱዓውንም ጸሎቱንም እየተቀባበልን፣ ባንድ ቤት መሐመድና ገብሬ እያሳደግን ኖረናል። ገበታ ላይ የሚለየን ሥጋው ብቻ ነው፤ ለሠርግ ሁለት ዳስ የምንጥለው፣ ሁለት አራጅ የምንጠራው ለእሱ ነው። ነሐሴ ላይ የወንድምሽ ልጅ ሲዳር ፍልሰታው አላለቀም ነበርና በሁለቱም ዳስ እየተቀመጥኩ ከሁለቱም ምስር በላሁ። ማንም «የት ነሽ» አላለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቅ ስደርስ እማ ጓዳ ናት። «የእሷ ድስት» ካለችበት ዓይኔ ሄደ፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። ተቀይማ የጣለችው መሰለኝና ልቤ ደነገጠ። ለካ ምድጃው ላይ ናት፤ ሙሉ ማሾ ይንተከተክባታል፣ የአምስት ሰው የሚበቃ። «እማ፣ ይኼ የእኔ አይደል እንዴ?» አልኳት። «አመድ ይዤ ሳሽ ዋልኩ። ሥጋ ካልገባበት ምን ይለየዋል? ሰፊ ነው፣ እያለ ለምን ይቀመጣል» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። ልጆቹ ተሰበሰቡ። እሷና እኔ ከአንድ ድስት የወጣ ወጥ ከአንድ መሶብ በላን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ስበላ ኖሬ የመጀመሪያዬ ነው። ስታጎርሰኝ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ አርጅታለች፣ ይህን ሳልደብቅሽ ልንገርሽ። ዓይኗም ደክሟል። ቡናውን ራሷ ናት «አንድ ሰዓት ይቆይላት» ያለችው።

የገና ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ቀረው። ደብዳቤውን በሰው እጅ ነው የምልከው፤ በስልክ ይህን ሁሉ መናገር እንደማልችል አውቃለሁ። ስልኬ ያው የድሮው ነው፣ ቁጥሩን አልቀየርኩም። ስትደውዪ አነሳለሁ። ፈቃድ የምታገኚበትን ወር ንገሪኝና ሐይቅ እማ ዘንድ እጠብቅሻለሁ፤ ማሾውን ከአሁኑ አስቀምጣልሻለች።

እህትሽ፣ ከደሴ