ትረካ ሲመረጥ አሠራሩም ይጻፍልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምትመርጧቸው መጻሕፍት፣ ተከታታይ ድራማዎችና ትረካዎች በጋዜጣችሁ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን መውጣታቸው መልካም ነው። ለመጽሐፉ የደራሲውን ስም፣ የኅትመቱን ዓመት፣ የገጹን ብዛትና ዋጋውን ትጽፋላችሁ። ለድራማው ጣቢያውንና ሰዓቱን ትነግሩናላችሁ። ትረካው ላይ ስትደርሱ ግን «በድምፅም ይገኛል» ከምትል ሐረግ ሌላ የለም። ማን ተረከው? ሙሉው ነው ወይስ ተቆርጧል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ከየትኛው ኅትመት ተነበበ? ባለመብቱ ፈቅዷል ወይ? ትረካ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ እንደ ራሱ ሥራም ሊመዘን ይገባዋል።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ጉዱ ካሣን አወቀው፣ ወደደው። ዛሬ ብዙ ወጣት ተራኪዎች የወጋየሁን ድምፅ ለመምሰል ይደክማሉ። ከእሱ መማር ያለባቸው ድምፁን ሳይሆን አንዱን ገጸ ባሕርይ ከሌላው በንግግር ፍጥነትና በእርጋታ መለየቱን ነው። ጉሮሮን አሻክሮ ሽማግሌ፣ አቅጥኖ ሴት መሆን ለአሥር ደቂቃ ያስኬድ ይሆናል፤ ለአሥር ሰዓት ግን ተራኪውንም ሰሚውንም ያደክማል።

አብዛኛው ትረካ የሚበላሸው ማይክ ፊት ከመቀመጡ በፊት ነው። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና ነው» ላልቶ ከተነበበ ጊዜው አልደረሰም፤ ጠብቆ ከተነበበ በዓሉ ነው። «ይበላል» የሚለው በላተኛውን ይሁን የሚበላውን፣ «የሰፊው ሱቅ» ልብስ ሰፊውን ይሁን ስፋቱን የሚያሳውቀው ዐውዱ ብቻ ነው፤ ዐውዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁለት መስመር በኋላ ይመጣል። ሳያነብ የሚቀዳ ተራኪ እዚያ ይወድቃል። ስለዚህ መጽሐፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይነበብ። በሁለተኛው ንባብ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ ይደረግ፤ ረጅም ዐረፍተ ነገር ውስጥ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ በዘንባላ መስመር ይለይ። «ወ/ሮ»፣ «ሻ/» እና ቁጥሮች እንዴት እንደሚነበቡ ቀድሞ ይወሰን። አለዚያ አንዱ ምዕራፍ ላይ «ሻለቃ» የተባለው ሰውዬ ሌላው ላይ «ሻምበል» ይሆናል።

የገጸ ባሕርያት ሰንጠረዥም ያስፈልጋል፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ አገር፣ መጀመሪያ የታየበት ገጽ፣ ደራሲው ስለ ድምፁ የተናገረው ነገር። ደራሲው የአንዱን ሰው ድምፅ ጎርናና መሆን በዘጠነኛው ምዕራፍ ሊነግረን ይችላል። ሰንጠረዥ ያልሠራ ተራኪ ስምንት ምዕራፍ በቀጭን ድምፅ ቀድቶ ያበቃል፤ ያኔ ምርጫው ስምንቱን እንደገና መቅዳት ወይም ደራሲውን ማስዋሸት ነው።

የሚነበበው ቅጂ ራሱ ይፈተሽ። ያለ ፈቃድ ተባዝተው በየመንገዱ ከሚሸጡት መጻሕፍት መካከል ገጽ የጎደላቸው ወይም የተዛነፉ አሉ። መጽሐፍ የሚጠረዘው ብዙ ጊዜ በ16 ወይም በ32 ገጽ ጥቅል ስለሆነ አንድ ጥቅል ሲወድቅ አንድ ሙሉ ትዕይንት አብሮ ይሄዳል። የገጽ ቁጥሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መቁጠር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ቀረጻው ላይ የመሐል አዲስ አበባ ችግር ጫጫታ ነው። አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ቀን የመኪና ጡሩምባና የግንባታ ማሽን አለ። ሌሊቱ ይሻላል፤ ሆኖም በፍልሰታ ሰዓታቱ፣ በዋዜማ ማኅሌቱ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ንጋት ላይ አዛን አለ። ይህን በቀን መቁጠሪያ ይዞ ፕሮግራም ማውጣት እንጂ መማረር አይጠቅምም። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ግን ቀረጻው ይቁም። የዝናቡ ድምፅ ሰ እና ሸ ካሉበት ድምፅ ጋር ስለሚደራረብ ማጣሪያው ዝናቡን ሲያነሣ ፊደሎቹንም ይዞ ይሄዳል።

ግድግዳ ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን መለጠፍ እንደ መፍትሔ ተለምዷል። ቀጭን ካርቶን የውጭ ድምፅ አያግድም፣ የክፍሉንም ማስተጋባት በቅጡ አይውጥም። ከተራኪው ጀርባና ግራ ቀኝ የቆሙ የስፖንጅ ፍራሾች፣ ወለል ላይ ምንጣፍ፣ መስኮት ላይ የተደረበ ወፍራም ብርድ ልብስ ይበልጣል። ማይኩ ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ትንፋሹ በቀጥታ እንዳይመታውም ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። በ፣ ፈ እና ፐ ትንፋሽ ይረጫሉ። ቀ፣ ጠ እና ጨ ደግሞ ትንፋሻቸው ባይበዛም በድንገት ስለሚፈነዱ መለኪያውን ወደ ላይ ይወረውሩታል። ስለዚህ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ (ከመለኪያው ጣሪያ) በታች በ12 እና በ6 ዴሲቤል መካከል እንዲያርፍ አድርጎ መቅዳት ነው፤ ዜሮን ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ ወደ ኋላ አይመለስም። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ከሆነና «እምም» የሚል ድምፅ ካለ ቻርጀሩን ነቅሎ መሞከር ያስፈልጋል። መብራት ስለሚጠፋም እያንዳንዱ ምዕራፍ እንዳለቀ ይቀመጥ፣ ፍላሽ ላይም ይገልበጥ።

በኤዲቲንግ በኩል ትልቁ ጥፋት ማብዛት ነው። ማጣሪያው ሲጠነክር ተራኪው ውኃ ውስጥ የሚናገር ይመስላል፤ የቃል መጨረሻ ላይ ያለች «ህ» ትጠፋለች፤ «ቤትህ» የነበረው «ቤት» ሆኖ ይቀራል። ትንፋሽን ሁሉ ቆርጦ ማውጣትም ንባቡን የማሽን ያደርገዋል፤ ጎልቶ የሚረብሸውን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። በተቆረጠው ቦታ ፍጹም ዝምታ አይግባ፤ ሰው ሳይናገር የተቀዳ የዚያው ክፍል ድምፅ ይግባበት። ዓለም አቀፍ የድምፅ መጽሐፍ አከፋፋዮች ለአማካዩ ድምፅ ከዜሮ በታች ከ23 እስከ 18 ዴሲቤል፣ ለከፍተኛው ከዜሮ በታች 3፣ ለዝምታው ከዜሮ በታች 60 ወይም ከዚያም ዝቅ ያለ ይጠይቃሉ። እኛም አገር ይህን መለኪያ ብንይዝ ሰሚው በየምዕራፉ ድምፅ ከፍና ዝቅ ከማድረግ ያርፋል።

ማጀቢያ ሙዚቃ የምዕራፍ መግቢያና መውጫ ላይ ሲገባ ያምራል። ከንባቡ ሥር ሙሉ ሰዓት የሚጎተት ዋሽንትና ክራር ግን ሰሚን ያባርራል፤ በተለይ ታክሲ ውስጥ በኤርፎን ለሚያዳምጥ ሰው ቃሉን ይሸፍንበታል።

ፋይሉ በአንድ ቻናል፣ በሴኮንድ 64 ኪሎ ቢት ሲዘጋጅ አንድ ሰዓት ትረካ 29 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። በ128 ኪሎ ቢት ሲዘጋጅ መጠኑ የዚህ እጥፍ ነው፤ የ20 ሰዓት መጽሐፍ ከ1 ጊጋ ባይት ያልፋል። ዳታ በሚገዛ አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ለሰው ንግግር ደግሞ 64 ያስኬዳል። ምዕራፎቹ 01፣ 02 እየተባሉ ይሰየሙ፤ ዜሮዋ ስትረሳ ብዙ ማጫወቻዎች ከ1 ቀጥለው 10ን ያጫውታሉ። ማየት የተሳናቸው አድማጮች መጽሐፉን የሚያገላብጡት በፋይል ስምና በምዕራፍ ክፍፍል ነው። የስድስት ሰዓት ትረካ ባንድ ፋይል ታጭቆ ሲቀርብ በሩን የምንዘጋው እነሱ ላይ ነው።

ስለ ድራማው ብዙ አንልም። ከልቦለድ የተወሰደ ተከታታይ ድራማ የሰውን የውስጥ ሐሳብ ወደ ድርጊት ወይም ወደ ንግግር መለወጥ ስላለበት ከመጽሐፉ መራቁ ብቻውን ጥፋት አይደለም። የምንቃወመው የድራማውን ድምፅ ብቻ ነጥሎ «የድምፅ ድራማ» ብሎ ማቅረብን ነው። ለጆሮ የተጻፈ ድራማ ማን ክፍሉ እንደገባ፣ ማን እንደሚናገር በስም፣ በኮቴ ወይም በበር ድምፅ ያሳውቃል። ከምስል የተነጠለው ግን ሁለት ሰዎች ዝም ብለው ሲተያዩ ለሰሚው ባዶ ደቂቃ ይሰጠዋል።

የመብቱን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ወደ ሌላ ቅርጽ የመለወጥ መብት የደራሲው ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. በመሆኑ የልቦለዳቸው መብት ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። «መጽሐፉ አሮጌ ነው»፣ «ከገበያ ጠፍቷል»፣ «ደራሲውን አመስግነናል» የሚሉት ፈቃድ አይሆኑም። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ ሙሉ ንባብ ወይም አጭር ቅጂ መሆኑ፣ በሬዲዮ ወይም በኢንተርኔት መሰራጨቱ፣ የሚቆይበት ጊዜና ክፍያው ተለይቶ ይስፈር። ኢንተርኔት ያልተጠቀሰበት የሬዲዮ ፈቃድ ኋላ ሁለቱንም ወገን ያጣላል።

ከጋዜጣው የምንጠይቀው በየትረካው ሥር ሁለት መስመር ቦታ ነው፦ የተራኪው ስም፣ ሙሉ ወይም የተቆረጠ፣ የተነበበው ኅትመት፣ ርዝመቱ በሰዓትና በደቂቃ፣ የምዕራፍ ክፍፍሉ፣ የባለመብቱ ፈቃድ። አዘጋጁ ያልገለጸው ካለ «አልተገለጸም» ብላችሁ ጻፉት፤ ለቀጣዩ እትም ራሱ ይዞላችሁ ይመጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
በትረካ ቀረጻና ኤዲቲንግ ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ