የኮረኮንች ሞተር በአስፋልት ላይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለኮረኮንች መንገድ የተሠራን ሞተር ሳይክል አስፋልት ላይ ብቻ መንዳት ገንዘብ ማባከን ነው ለሚሉ ወገኖች፣ ከደብረ ማርቆስ በደጀን በኩል እስከ ዓባይ ድልድይ ተመላልሼ ያየሁትን ልጻፍ። ከፍ ያለው መሪ ቀጥ አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ወገብ አያደክምም፤ ረጅሙ ሞላና ባለ 21 ኢንቹ የፊት ጎማም በበረሃው ቁልቁለት ከባድ መኪና እንደ ትልም ያጎበጠውን አስፋልት ዋጥ ያደርጉታል። (ያ መንገድ ኮረኮንች አይደለም የሚል ካለ አብሮኝ ይውረድ።) ጥፋቱ ያለው ጥርሱ የተራራቀ የጭቃ ጎማ ላይ ነው፤ አስፋልት ቶሎ ይበላዋል፣ በክረምትም ፍሬን ሲያዝ ያንሸራትታል። እኔ በአስፋልት ጎማ ለውጬዋለሁ። ያልለመድኩት ቁመቱን ነው፤ ደጀን አፋፍ ላይ የጎን ነፋስ ይገፋዋል፣ ስቆምም መሬት የሚነካው የእግሬ ጣት ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከደብረ ማርቆስ