ሣጥኑን ከመጣላችሁ በፊት ጥሩን

ባለፈው ዓመት አንድ ቤት ሄድን። ሰማንያ ምናምን የሆናቸው እናት ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አስወጡ። ላይ ላዩ ነጠላ ነው። ከሥሩ የርስት ክርክር ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ ከዚያ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር። ቋጠሮው ሲፈታ የክብሪት ቀፎ የምታህል የታጠፈች ወረቀት ወጣች። እጥፋቷ ላይ ጽሑፉ ለቋል። የልጅ ልጃቸው ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ይድረስ ለእኅቴ... እንደምን ሰንብተሻል... ስንቁን ቶሎ ላኪልኝ...»

እማማ ሳቁበት። «ስንቅ እውነት መስሎህ ነው? ጥይት ነው እኮ!»

ይህን ጥሪ ያስጻፈችን ያቺ ሣቅ ናት። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ደብዳቤውን «ስለ በሶ» ብለን እንመዘግበው ነበር።

በጠላት (በጣሊያን) ወረራ ዘመን ጦር የመሩና የውስጥ አርበኛ (ጠላት በያዘው ከተማ ሆነው በስውር የታገሉ) የነበሩ ሴቶችን ታሪክና ደብዳቤ የምንሰበስብ ጥቂት ሰዎች ነን። ደሞዝ የሚበላ የለም። ሥራውን የጀመርነው ወይዘሮ ከበደች ሥዩምን ብለን ነው። የልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ ናቸው። ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ከወንድማቸው ከአስፋወሰን ጋር ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ተገደሉ። እጃችሁን ከሰጣችሁ ምንም አትሆኑም ተብለው ነበር። ወይዘሮ ከበደች ግን እጅ አልሰጡም። ነፍሰ ጡር ሆነው ዱር ገቡ ይባላል። ጦር ይዘው ሸዋ ውስጥ ተዋጉ፣ ኋላም ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚቀረው ሌላው ነው። «ተዋጉ» ይባላል፣ ታሪኩም እዚያው ይቆማል። ያን ሁሉ ሰው በምን አበሉት? ማን ዘብ አደረ? ሁለት አለቆች ሲኳረፉ ማን አስታረቀ? አዛዥነት እኮ አብዛኛው ይኸው ነው። ይህን ደግሞ ሐውልት አይነግራችሁም። እንዲህ ያለው ነገር ከተገኘ የሚገኘው በደብዳቤ ነው።

እሳቸው ብቻም አይደሉም። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች መሣሪያና መረጃ ሲያቀብሉ ተይዘው ጣሊያን አገር፣ አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ሲመለሱ ትግሉን ቀጠሉ። ኋላ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም እዚያችው ደሴት ታስረው ነበር። ስማቸው በመጽሐፍ ያልገባ ደግሞ በየሰፈሩ አሉ። ወረቀት በሹሩባቸው ሸሽገው ኬላ ያለፉ፣ «ገበያ ልሄድ ነው» ብለው ወጥተው ከሳምንት በኋላ የተመለሱ። የነሱ ታሪክ ያለው በየቤተሰቡ አፍ ላይ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ብዙ ሰው «ስካነር ግዙና ጨርሱት» ይለናል። ስካነር በውሰት አለን። ወጪው ንባቡ ነው። የዚያ ዘመን ደብዳቤ ዓመተ ምሕረት ላይኖረው ይችላል። «በሚካኤል ማግስት ተጻፈ» ይላል። ሚካኤል በየወሩ ነው! የየትኛው ወር? የስንት ዓመት? ሰው በፈረስ ስሙ ይጠራል፣ «አባ እንትና» ተብሎ። አባ እንትና ማን እንደሆነ የሚያውቁት ደግሞ ዘጠና እየደፈኑ ነው። ስለዚህ አንድ የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ሰውና አንድ ድምፅ የሚቀዳ ሰው አብረው ወደየቤቱ መሄድ አለባቸው፤ አንዳንዱ ቤት ሦስት ጊዜ። የምንጠይቀው ለትራንስፖርትና ለአዳር፣ ለአንባቢው የቀን አበል፣ ወረቀቱን የማያቃጥል ከአሲድ ነፃ የሆነ ፖስታ ለመግዛት፣ ለሁለት ሃርድ ዲስክ ነው። ሁለቱ ዲስኮች የተለያየ ቤት ይቀመጣሉ። አንዱ ቢሰረቅ ወይም ቢበላሽ ሌላው አለ።

አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ፤ ዋናው ወረቀት ከቤታችሁ አይወጣም። ከኛው አንዷ ከዓመታት በፊት የአያቷን ሦስት ደብዳቤ ለአንድ «አጥኚ ነኝ» ላለ ሰው አዋሰች። አይቼ እመልሳለሁ አላት። እስካሁን እያየ ነው። እኛ ፊታችሁ አንስተን፣ ፊታችሁ አጥፈን እንመልሳለን። አንድ ቅጂ ለእናንተ ይቀራል። ቤተሰቡ ከፈቀደ ሌላ ቅጂ ለወመዘክር (ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና ስድስት ኪሎ ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለመስጠት ነው ያሰብነው። ካልፈቀደ እዚያው ይቆማል። የቤተሰብ ጉዳይ ያለበት ደብዳቤ ይኖራል፣ እሱ ይገባናል።

100 ብርም ትጠቅማለች። ለምሳሌ ፖስታ ትገዛለች። በርከት ያለ የሚሰጥ ካለ የአንድ ጉዞ ወጪ ሙሉ ይሸፍንልን፣ ከዚያ ጉዞ የተገኘውንም በመጀመሪያ እሱ ያያል። ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀስ። ደረሰኙን በየወሩ እንለጥፋለን፣ የሻይዋን ጭምር።

ገንዘብ ከሌላችሁ ሰው ስጡን። አሮጌ የእጅ ጽሑፍ የሚያነቡ አጎት፣ ሣጥን ያላቸው አክስት፣ ፍቼ ያለችበትን ሰላሌን መንደር በመንደር የሚያውቅ ሹፌር። ውጭ አገር ያላችሁም ስትሄዱ ይዛችሁት የሄዳችሁት ወረቀት ካለ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። ፊትም ጀርባም፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ።

እባካችሁ ደግሞ የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ። ላሚኔትማ በፍጹም! ለማዳን ብለው ያደረጉት ሰዎች አጋጥመውናል፣ አሁን ሊላቀቅ አይችልም። በንጹሕ ወረቀት መሐል አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡትና በውስጥ መስመር ጻፉልን። የሣጥኑ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ከሆኑ መልእክቱ ላይ ጥቀሱልን፤ ተራ የምናስይዘው በዕድሜ ነው።