የጎረቤቴ ልጅ፣ ስምንት ቁጥሩ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብሊን ዛሬም ዝናብ ነው።

ከጻፍኩልህ አራት ዓመት አለፈ። ሰበብ አልደረድርልህም። እማማ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። መምጣት አለመቻሌን አንተም ታውቃለህ። ግን ደውዬ ድምፅህን እንኳ አልሰማሁም። በመጀመሪያው ቀን ምን እንደምልህ ጠፋኝ። ሳምንት ሲያልፍ አፈርኩ። ወር ሲሞላው ደግሞ ስልኩን ማንሳት አቃተኝ። ስንት ቀን ከትምህርት ቤት መልስ የእሳቸውን እንጀራ በልቼ ነው ቤቴ የገባሁት። ይቅር በለኝ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

አሁን እንድጽፍልህ ያደረገኝ አንድ ልጅ ነው። የኳስ ነገር ነው። ኳስ ላይ ደግሞ ከአንተ ዓይን የሚበልጥ አላውቅም። ሰፈር ሜዳ ላይ ሕፃናቱን ስታሠለጥን አይቼሃለሁ። ገና ሲሞቁ አይተህ ማን ምን እንደሚጫወት ትናገር ነበር።

ጎረቤቴ አየርላንዳዊት ናት። ባሏ ሞቷል፣ አንድ ወንድ ልጅ አላት። ልጁ 17 ዓመቱ ነው። እዚሁ ደብሊን ባለ ክለብ አካዳሚ ውስጥ ነው ያደገው። ዘንድሮ ዋናው ቡድን አስገብቶታል፣ ተቀይሮ እየገባ መጫወት ጀምሯል። ቦታው መሀል ሜዳ ነው። እኛ ስምንት ቁጥር የምንለው ዓይነት። አሁን ከእንግሊዝ ትልቅ ክለብ መልማይ መጥቶ ደጋግሞ አይቶታል፣ ክለቦቹም ንግግር ጀምረዋል። እሷ ስለ ኳስ ብዙም አታውቅም። እኔን አርብ አርብ ሜዳ ላይ ስለምታየኝ የማውቅ መስሏታል። ባለፈው እሁድ ቡና ልትጠጣ መጥታ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። «እዚያ ሄዶ ይጫወታል? ወይስ ተሰብሮ ይመለስብኛል?»

ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። እንዳስብበት ጊዜ ስጪኝ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የማስበው እሱን ነው።

መጀመሪያ ልጁን ልንገርህ። ቁመናው መካከለኛ ነው። ፍጥነቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ግን ኳስ ሳትደርሰው በፊት አንገቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ያዞራል። ማን ከኋላው እንዳለ፣ ማን ነፃ እንደሆነ አይቶ ጨርሷል። ስለዚህ ኳሷ ስትመጣ አይደነግጥም። የመጀመሪያ ንክኪው ወደ ፊት ነው። ትልልቆቹ ሲጫኑት ገላውን ከኳሷና ከሰውየው መሀል ያስገባና ዞሮ ያቀብላል። ሜዳው ጭቃ ነው፣ ሰዎቹ ጎልማሶች ናቸው፣ እሱ ገና ጢም አላበቀለም። አንድ ሽማግሌ ደጋፊ አጠገቤ ቆሞ «ይሄ ልጅ ቀድሞ ያያል» አለኝ። እኔም የምለው እሱን ነው።

አሁን ሕጉን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ከእሱ ጋር ይያያዛል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ። ድሮ የአየርላንድ ልጅ ገና በ15 እና በ16 ዓመቱ ባሕሩን ተሻግሮ እንግሊዝ ይገባ ነበር። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ይሄ ቀረ። ከ2021 መግቢያ ጀምሮ 18 ዓመት ያልሞላው የአየርላንድ ልጅ ወደ እንግሊዝ ክለብ መዛወር አይችልም። የፊፋ ደንብ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ግን በ16 ዓመት ይፈቅዳል። በዚህ የተነሳ አንዳንዶቹ ወደ ጣሊያን ሄዱ። ለምሳሌ ከደብሊኑ ሻምሮክ ሮቨርስ ኬቨን ዜፊ ኢንተር ሚላን ገባ። የጎረቤቴ ልጅ በሚቀጥለው ጸደይ 18 ይሞላዋል። መልማዩ አሁን የመጣው ለዚያ ነው።

አንድ ሌላም ነገር አለ። በፕሪሚየር ሊጉ 21 ዓመት ሳይሞላው ሦስት ዓመት በእንግሊዝ ክለብ የተመዘገበ ልጅ አገር ውስጥ እንዳደገ ይቆጠርለታል። ከ25ቱ ተጫዋቾች ቢያንስ ስምንቱ እንደዚያ ካልሆኑ ክለቡ ዝርዝሩን መሙላት አይችልም። በ18 የገባ ልጅ ሦስቱን ዓመት ለጥቂት ይደርስበታል። አየርላንዳዊ ስለሆነ ደግሞ የሥራ ፈቃድ አያስፈልገውም። ብራዚላዊ ወይም ጋናዊ ልጅ ይሄ ዕድል የለውም። ክለቦቹ እዚህ የሚመላለሱት ለዚህም ጭምር ነው።

እናትየው ሕጉን እንደ በደል ነው የምታየው። «ሁለት ዓመት አባከኑበት» ትላለች። እኔ ግን ልጁን ያተረፈው እሱ ነው ባይ ነኝ። ለምን መሰለህ?

አየርላንዳዊውን የማንቼ አምበል ሮይ ኪንን አስታውስ። 2005 ላይ ሃይበሪ፣ እሱና የአርሴው አምበል ቪዬራ ሜዳ ሳይገቡ መተላለፊያው ውስጥ የተፋጠጡ ቀን፣ ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ነበር ያየነው። አንተ የአርሴ፣ እኔ የማንቼ። 4 ለ 2 ስናሸንፋችሁ ሰፈር እስክንገባ አላናገርከኝም። እኔ ኪንን እንደ ተፈጥሮ ኃይል ነበር የማየው። ከየት እንደመጣ ያወቅኩት እዚህ ስኖር ነው። ልጅ እያለ ትንሽ ነው ተብሎ ተገፍቷል። ለእንግሊዝ ክለቦች የሙከራ ዕድል ስጡኝ እያለ ደብዳቤ ጽፏል። በ15 ማንም አልወሰደውም። ኮቭ ራምብለርስ በሚባል የወደብ ከተማ ክለብ፣ በአየርላንድ ሁለተኛ እርከን፣ ከጎልማሶች ጋር እየተጋፋ ነው የበሰለው። ኖቲንግሃም ፎረስት በ1990 በ47 ሺህ ፓውንድ ሲወስደው 19 ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው። በዚያው ነሐሴ አሰልጣኙ ብሪያን ክላፍ አንፊልድ ላይ ሊቨርፑል ፊት አሰለፈው። ልጁ ዝግጁ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ማንቼ 3.75 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለበት፣ ያኔ በብሪታንያ ክብረ ወሰን ነበር።

እና አስተውል፤ ማንቼ ራሱ አላሳደገውም። ሌላ ክለብ ውስጥ ተጫውቶ፣ ተፈትኖ፣ ተሰርቶ ያለቀ ኪንን ነው የገዛው።

አንተ አሁን የአርሴውን አማካይ ዴክላን ራይስን ልታነሳብኝ ነው። አንሳ! እሱም የእኔ ምስክር ነው። ለንደን ተወልዶ፣ አያቶቹ ከኮርክ ስለሆኑ በ2018 ሦስት ጊዜ የአየርላንድን አረንጓዴ ማልያ ለብሷል። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ዞረ፣ እዚህ አገር ያ ቁስል ገና አልሻረም። ግን መንገዱን እይ። ቼልሲ በ14 ዓመቱ አሰናበተው። ዌስትሃም ወሰደው። እዚያ ከ200 ጨዋታ በላይ ከተጫወተ በኋላ ነው አርሴ በ2023 ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶ የገዛው። ትልቅ ክለብ መሀል ሜዳውን እንዲህ ነው የሚሞላው።

ምክንያቱ ይገባኛል። የመስመር አጥቂ ልጅ ከሆነ አሰልጣኙ ለመጨረሻው አሥር ደቂቃ ያስገባዋል። ኳሷን ቢነጠቅ ከራሱ ግብ ሩቅ ነው፣ ሌላው ይሸፍንለታል። መሀል ሜዳ ላይ የተነጠቀች ኳስ ግን ተከላካዮቹን ፊት ለፊት ታገኛቸዋለች። አንድ ስህተት፣ አንድ ጎል። ሥራውን ሊያጣ የሚችል አሰልጣኝ ያንን ቦታ ለ18 ዓመት ልጅ አይሰጥም። ልጁ ስላልቻለ አይደለም። የሚያስተምረው ስህተት ውድ ስለሆነ ነው።

ጃክ በርንን ላታውቀው ትችላለህ። የደብሊን ልጅ ነው፣ ግሩም አማካይ። ማንችስተር ሲቲ አካዳሚ ውስጥ አደገ። ሲቲ ያኔ በገንዘብ የዓለምን አማካዮች የሚሰበስብበት ጊዜ ነበር። በውሰት ሆላንድ ካምቡር ሄዶ ጥሩ ተጫወተ። ሲመለስ ግን ዋናው ቡድን ውስጥ አንድም ጨዋታ ሳያገኝ ወጣ። ዊጋን፣ ኦልድሃም፣ ኪልማርኖክ እያለ ዞረ። በ2019 ወደ ደብሊን ተመልሶ ሻምሮክ ሮቨርስ ገባ። ሜዳ ላይ ሲያዩት ሰው ከመቀመጫው ይነሳ ነበር። ተጫዋቾቹ ራሳቸው የዓመቱ ምርጥ ብለው መረጡት፣ ብሔራዊ ቡድንም ጠራው። ችሎታው ያው ነበር፣ የተጨመረለት በየሳምንቱ መሰለፍ ነው።

አንድሩ ሞራንን ጨምር። በ2020 ከአየርላንዱ ክለብ ብሬይ ወደ እንግሊዙ ብራይተን ሄደ፣ ሕጉ ከመጽናቱ በፊት። ጥሩ ግራ እግር አለው። ከዚያ በኋላ በውሰት ብላክበርን፣ በውሰት ስቶክ፣ በ2025 ደግሞ ሎስ አንጀለስ። ወድቋል አልልህም። ወጣት ነው፣ ለአየርላንድም ተሰልፏል። ግን አንድ ልጅ በየዓመቱ ሻንጣ እያሰረ አዲስ ከተማ፣ አዲስ አሰልጣኝ፣ አዲስ ቡድን መልመድ ምን ያህል እንደሚከብደው እናውቀዋለን።

ስለ መሰበር የጠየቀችኝ ላይ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ሊያም ብራዲ ትዝ አለኝ። የእናንተ ሰው ነው፣ ስሙን አርሴ ቤት ውስጥ ሳትሰማው አልቀረህም። በ1971 በ15 ዓመቱ ከደብሊን ለንደን ሄደ። ናፍቆት አሸነፈው። ጥሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያ ግራ እግር እዚሁ ደብሊን ሰፈር ውስጥ ሊቀር ነበር። ተለምኖ ነው የተመለሰው። በ17 ዓመቱ ዋናው ቡድን ውስጥ ተሰለፈ። በ1979 በኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ማንቼ ከ2 ለ 0 ተነስቶ 2 ለ 2 ሲያደርግ፣ በመጨረሻው ደቂቃ ካልሲውን ቁልቁል ጥሎ ኳስ ይዞ የሮጠው እሱ ነው። ለሪክስ አቀበለ፣ ሪክስ አሻማ፣ ሰንደርላንድ አገባ። 3 ለ 2። ከዚያ ጁቬንቱስ ሄዶ ሁለት ጊዜ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ።

እኔን የሚነካኝ ግን ዋንጫው አይደለም። በ1996 አርሴ የወጣቶች አካዳሚውን ለእሱ ሰጠው፣ እስከ 2014 መራው። አማካዩ ጃክ ዊልሼር ከዚያ ነው የወጣው። በ15 ዓመቱ ናፍቆት ያስለቀሰው ሰው የሌሎችን ልጆች እንዲቀበል በር ላይ ቆመ። ልጅ ከቤቱ ሲለይ ምን እንደሚሆን ማንም አላስተማረውም፣ ኖሮታል።

እኔም ስመጣ 19 ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያውን ገና ብቻዬን ያሳለፍኩበትን ክፍል እስካሁን በሕልሜ አየዋለሁ። በ15 ብሆን ኖሮ አልችለውም ነበር። ያኔ ወደ እንግሊዝ ይሄዱ የነበሩት ልጆች ክለቡ ባገኘላቸው የሰው ቤት ነው የሚኖሩት። አብዛኞቹ 20 ሳይሞላቸው ይሰናበታሉ። ትምህርት የለ፣ ሙያ የለ። ሰፈር ሲመለሱ ሰው «ምን ሆነ?» ይላል። አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ ኳስ አይነኩም። የእሷ ልጅ ግን ትምህርቱን እየጨረሰ ነው። ቁርሱን እናቱ ጋ ይበላል። አርብ ማታ ከጎልማሶች ጋር ይጫወታል። ሕጉ ይሄን ነው የሰጠው።

ልዋሻትም አልፈልግም። እዚህ ያለው አካዳሚ ድሃ ነው። ሙሉ ጊዜውን የሚሠራ አሰልጣኝ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ሄዶ ሊማር የሚገባው ብዙ ነገር አለ፣ እሱም መሄድ ይፈልጋል። አትሂድ አልለውም። እሁድ የምነግራት ይሄን ነው፦ ገንዘቡን የመጨረሻ ጥያቄ አድርጊው። መጀመሪያ ክለቡን ጠይቂ። በውሰት የምትልኩት መቼ ነው? የት ነው? እዚያ ያለው አሰልጣኝ አማካዩን ያጫውታል ወይስ ኳሱን በላዩ ላይ ያሳልፋል? ልጁ ሲናፍቀው የሚያናግረው ሰው ማን ነው? መልስ ከሌላቸው፣ አነስ ያለ ክለብ ሄዶ በየሳምንቱ ይሰለፍ። ሼመስ ኮልማን ከአየርላንዱ ክለብ ስላይጎ በ20 ዓመቱ በ60 ሺህ ፓውንድ ነው ኤቨርተን የገባው። ካፒቴናቸው ሆነ።

ልክ ነኝ? እኔ ልጁን ወድጄዋለሁ። ሲያድግ አይቼዋለሁ፣ ስለዚህ ዓይኔ አድልቶ ይሆናል። አንተ አታውቀውም። ለዚህ ነው የምፈልግህ።

አርብ ማታ ከመጀመሪያው ይሰለፋል ተብሏል። ከጎሉ ጀርባ ቆሜ በስልክ እቀርጸዋለሁ፣ ሙሉውን በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ጎሉን አትይ። ኳስ ሳትይዘው ያለውን እይልኝ። በተለይ ከግራ በኩል ሲጫኑት። ቀኝ ትከሻውን ሁሌ ያያል፣ ግራውን አንዳንዴ ይረሳል መሰለኝ። ያ የሚስተካከል ነገር ነው ወይስ ለዚያ ደረጃ ይከብደዋል? እሁድ ከሰዓት ቡና ላይ ስለምትመጣ፣ ከዚያ በፊት ብትደውልልኝ ደስ ይለኛል። ስልኬ ያው ነው።

እማማ ያረፉበት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በእኔም ስም አንድ ጧፍ አብራልኝ።

ወንድምህ፣
ከደብሊን